መርዙ ከመዝነቡ በፊት፦ ከተከዜ ዳር እስከ ሄግ የተጓዘ ሕግ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ካዛንቺስ የሚለውን ስም ዕለት ዕለት እንጠራዋለን። ወደ ቅዱስ ዑራኤል ስንሳለም፣ ወደ ቅዱስ ቂርቆስ ለማኅሌት ስንሄድ በዚያ እናልፋለን። ስሙ ግን ከአገራችን ቋንቋዎች አንዱም አይደለም። በጠላት ወረራ ዘመን የጣልያን መንግሥት ለሠራተኞቹ መኖሪያ ቤት የሚሠራ ተቋም ነበረው። የተቋሙ ስም ባጭሩ «ኢንቺስ» ይባል ስለነበር በአዲስ አበባ የሠራቸው ቤቶች «ካዜ ኢንቺስ»፣ ማለትም የኢንቺስ ቤቶች ተባሉ። ይህም በሕዝብ አፍ ሲለሰልስ «ካዛንቺስ» ሆነ። ሠፈሩ በቅርብ ዓመታት መልኩ ፈጽሞ ተለውጧል፤ ስሙ ግን ዛሬም አለ።

ያ ወራሪ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው በጀግንነት ብልጫ አልነበረም። ወደ ከተማችን የመጣበት መንገድ በመርዝ የተጠረገ ነበር። ይህን ታሪክ በአጭሩ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ «ጣልያን በመርዝ ጋዝ ፈጀን» እንላለን። ከዚያ አልፈን የምንጠይቀው ግን ጥቂት ነው። መርዙ ከሰማይ ከመዝነቡ በፊት የት ነበር? ማን ቀመመው? ማን ጫነው? በማን ወደብና በማን ቦይ አለፈ? የሚከለክል ሕግ ከነበረስ ለምን የሚያስቆመው አልተገኘም? በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ጥያቄዎች ይዘን ከተከዜ ዳር ተነሥተን፣ ዛሬ በዓለም ላይ የኬሚካል ጦር መሣሪያ እስከሚጠበቅበት ሕግ ድረስ እንጓዛለን።

ሕግ አልጠፋም ነበር

በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ ሚያዝያ 14 ቀን 1907 ዓ.ም.፣ የጀርመን ጦር በቤልጅየም ኢፕር በተባለችው ከተማ አጠገብ የክሎሪን ጋዝ ከነፋስ ጋር በጠላቱ ምሽግ ላይ ለቀቀ። ሌሎቹም ተዋጊ መንግሥታት ብዙም ሳይቆዩ ተከተሉት። በ1909 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በዚያው በኢፕር ከሁሉ የከፋው መጣ። ሽታው ሰናፍጭን ስለሚመስል የሰናፍጭ ጋዝ ተባለ፤ ከከተማዋም ስም «ኢፕሪት» ተብሎ ተጠራ። ጌታችን በወንጌል የመንግሥተ ሰማያትና የእምነት ምሳሌ ያደረጋት የሰናፍጭ ቅንጣት፣ በሰው ክፋት የመርዝ መጠሪያ ሆነች።

ይህ መርዝ ጋዝ ይባል እንጂ በጠባዩ እንደ ዘይት ያለ ፈሳሽ ነው። ሰውነት ሲነካ ያን ጊዜውኑ አያሳምም፤ ከሰዓታት በኋላ ቆዳን ያቃጥላል፣ ውኃ ያስቋጥራል፣ ዓይንን ያሳውራል፣ ወደ ሳንባ ከገባ ትንፋሽን ያፍናል። በሣርና በአፈር ላይ ለቀናት ይቆያል። ማርከሻ መድኃኒት የለውም።

ከዚያ ጦርነት በኋላ መንግሥታት ደንግጠው ሰኔ 10 ቀን 1917 ዓ.ም. የጄኔቫ ፕሮቶኮል የተባለውን ውል ፈረሙ። ውሉ መርዛማ ጋዝንና የበሽታ ተሕዋስያንን በጦርነት መጠቀምን ይከለክላል። ጣልያን በ1920 ዓ.ም. አጸደቀችው። ኢትዮጵያም ጦርነቱ በተጀመረበት በ1935 እ.ኤ.አ. ገባችበት። ስለዚህ በዚያ ዓመት ወራሪውም ተወራሪዋም በአንድ ሕግ ሥር ነበሩ።

የሕጉ ጉድለት ግን በራሱ ውስጥ ነበር። መጠቀምን ከለከለ እንጂ መሥራትን፣ ማከማቸትንና ማጓጓዝን አልከለከለም። የሚመረምር አካል አላቆመም። ለሚጥሰውም ቅጣት አልደነገገም። በምሳሌ ብንናገር፣ ጦር መወርወርን ከለከለ፤ ጦር መሳልን ግን ዝም አለ። ስለዚህ በጣልያን ፋብሪካ የተቀመመው መርዝ በመርከብ ተጭኖ፣ በስዊዝ ቦይ አልፎ ምጽዋ ሲራገፍ ምንም ሕግ አልተጣሰም። ሕጉ «ተጣስሁ» የሚለው መርዙ በሰው ገላ ላይ ካረፈ በኋላ ብቻ ነበር።

ተከዜ ዳር

ወረራው የተጀመረው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ገና ወር ሳይሞላ፣ ጥቅምት 16 ቀን፣ ሙሶሊኒ በደቡብ ግንባር ለነበረው ለግራዚያኒ በጋዝ እንዲጠቀም በቴሌግራም ፈቀደ። ታኅሣሥ 18 ቀን ደግሞ ለሰሜኑ አዛዥ ለባዶልዮ ማንኛውንም ዓይነት ጋዝ በሰፊው እንዲጠቀም ፈቃድ ሰጠ። ጣልያኖች በኋላ «ይህን ያደረግነው ታኅሣሥ 16 ቀን በኦጋዴን የተያዘ አብራሪያችን በመገደሉ ለመበቀል ነው» ሲሉ ተከራከሩ። የቀኖቹ ቅደም ተከተል ግን ክርክሩን ያፈርሰዋል። ፈቃዱ ከምክንያቱ ሁለት ወር ገደማ ቀድሟል፤ በተከዜም መርዙ የወረደው አብራሪው ከመገደሉ በፊት ነው።

በሽሬ ግንባር የነበሩት ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ያዩትን በኋላ ዘመን መስክረዋል። ታኅሣሥ 13 ቀን ማለዳ አውሮፕላኖች በተከዜ ዳር ሲመጡ ሠራዊቱ እንደለመደው ቦምብ ጠበቀ። የወደቀው ግን እንደ በርሜል ያለ ነገር ነበር፤ መሬት ሲነካ ተሰብሮ ቀለም የሌለው ፈሳሽ ረጨ። ጥቂት ቆይቶ በፈሳሹ የተነኩት እጃቸው፣ እግራቸውና ፊታቸው ውኃ ቋጥሮ በሥቃይ ይጮኹ ጀመር። ከወንዙ የጠጡትም እዚያው ወድቀው ለሰዓታት ሲያጣጥሩ ቆዩ። ውኃ ሊያጠጡ የመጡ ገበሬዎችና ከብቶቻቸውም አብረው ተመቱ። ራሱ አዛዡ ለሠራዊቱ ምን ይበል? ይህን የሚመስል ነገር አይቶም ሰምቶም አያውቅም።

ወታደሩ አብዛኛው ባዶ እግሩን ነበር። ሣሩ ላይ ያረፈው መርዝ በእግሩ ገባ፤ በነጠላው ሰረገ። በአዲስ አበባ ሴቶች ተሰብስበው ከጨርቅ የጋዝ መከላከያ ጭምብል ይሰፉ ነበር። የእናቶቻችን ትጋት የሚመሰገን ነው፤ ነገር ግን ቆዳን የሚያቃጥል መርዝ በአፍና በአፍንጫ መሸፈኛ አይመለስም። ጠላት በአምባ አራዶም አርሴኒክ ያለባቸው የመድፍ ጥይቶችን ጨመረ፤ ከዚያም መርዙን በቦምብ መጣል ብቻ ሳይበቃው ከአውሮፕላን ላይ እንደ ዝናብ ይረጨው ጀመር። መጋቢት 22 ቀን ከተደረገው የማይጨው ጦርነት በኋላም ወደ አሸንጌ ሐይቅ የሚያፈገፍገው ሠራዊት ከላይ በመርዝ ተከታተለው። የታሪክ ጸሐፊዎች በዚያ ጦርነት በኢትዮጵያ ላይ የፈሰሰውን መርዝ በመቶዎች ቶን ይገምቱታል።

«አቤት» የሚል ድምፅ

የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ልዑክ የነበረው ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ማርሴል ዡኖ በቆረም ሜዳ ያየውን በመጽሐፉ ጽፎታል። በመርዙ የተቃጠሉ ሰዎች መሬት ላይ ተዘርግተው ነበር፤ እርሱ ቋንቋውን ባያውቅም አንድ ቃል ደጋግመው ሲሉ ሰማና ጻፈው። ቃሉ «አቤት» ነበር። ይህን ቃል እኛ በደጀ ሰላም ቆመን እንለዋለን፤ የተበደለም በዳኛ ፊት ይለዋል። በቆረም ለእግዚአብሔርም ለሰውም የቀረበ አቤቱታ ነበር።

የሰው ችሎት ግን ተዘጋ። የመንግሥታት ማኅበር ስለ ጋዙ ማስረጃ እንዲሰጠው ቀይ መስቀልን ሲጠይቅ፣ ኮሚቴው ገለልተኛነቱን ምክንያት አድርጎ በእጁ ያለውን መረጃ አልሰጠም። ታኅሣሥ 20 ቀን በመልካ ዲዳ የነበረው የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል ራሱ በጣልያን አውሮፕላን ተደብድቦ ነበር። እውነትን አይቶ ዝም ማለት ገለልተኛነት ነው ወይስ ለኃይለኛው ማድላት? ይህ ጥያቄ ያን ጊዜ ሳይመለስ ቀረ።

ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ቆሙ። ጣልያናውያን ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያቋርጧቸው ቢሞክሩም በአማርኛ ተናገሩ። አውሮፕላኖች ተከታትለው እየበረሩ መርዙን እንደ ጉም እንዴት እንደረጩ፣ ወታደሩ፣ ሴቱ፣ ሕፃኑ፣ ከብቱ፣ ወንዙና የግጦሹ ሣር እንዴት እንደተመረዘ ለዓለም አስረዱ። መልሱ ምን ነበር? ማኅበሩ በኅዳር ወር በጣልያን ላይ የጣለው ማዕቀብ ለጦርነቱ ከሁሉ የሚያስፈልገውን ነዳጅ አልጨመረም ነበር፤ ንግግሩ በተደረገ በወሩም ያው ማዕቀብ ተነሣ።

የመንግሥታት ማኅበር በዚህ ውርደቱ ጠፋ፤ በእግሩ የተተካው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዛሬ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽኑን መቀመጫ በእኛው ሠፈር አድርጓል። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ የቆመው ከእነዚያ «የኢንቺስ ቤቶች» ብዙ ሳይርቅ ነው። በዚያ ደጅ ስናልፍ፣ ሕግ በወረቀት ላይ ብቻ ሲሆን ምን እንደሚያስከፍል የከፈለችው አገር ልጆች መሆናችንን ብናስብ መልካም ነው።

የዘረት ዋሻ

መርዙ አዲስ አበባ በተያዘች ጊዜ አላበቃም። በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ አካባቢ ዘረት በተባለው ስፍራ አንድ ዋሻ አለ። በ1931 ዓ.ም. የአበበ አረጋይ ወገን የሆኑ አርበኞች ከቤተሰቦቻቸው፣ ከቁስለኞችና ከበሽተኞች ጋር በዚያ ተጠልለው ነበር። በሚያዝያ ወር የመጀመሪያ ቀናት የጣልያን ጦር ዋሻውን ከቦ በአፉ በኩል መርዝ ላከበት። ውኃውና አየሩ ተመረዘ። እጃቸውን ከሰጡት መካከል ብዙ ወንዶች በጥይት ተረሸኑ። ታሪኩ በአካባቢው ሰው ሲነገር ኖሯል፤ በ2006 እ.ኤ.አ. ግን ጣልያናዊው የታሪክ ተመራማሪ ማቴዮ ዶሚኒዮኒ የሠራዊቱን መዛግብት ተከትሎ ዋሻው ድረስ ሄደ። አጥንቱም አልባሳቱም በዚያ ነበሩ።

በባሕረ ሐሳብ ብንቆጥር የ1931 ዓ.ም. ትንሣኤ የዋለው ሚያዝያ 1 ቀን ነው። የዘረት ሰዎች መቃብር ባዶ ሆኖ በተገኘበት በዓል ሰሞን ዋሻቸው መቃብር ሆነባቸው። ስማቸውን የሚያውቅ በስሙ የሞቱለት አምላክ ነው።

ፍርድ ያላየ ወንጀል

ከጦርነቱ በኋላ ኢትዮጵያ የጦር ወንጀለኞቹ እንዲዳኙ ጠየቀች። የተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀሎች ኮሚሽን ባዶልዮንና ግራዚያኒን ጨምሮ 10 ጣልያናውያንን በዝርዝሩ አስገባ። ሆኖም በኢትዮጵያ ስለፈጸመው ግፍ በዓለም አቀፍ ችሎት የቆመ አንድም አልነበረም። ባዶልዮ በ1943 እ.ኤ.አ. የጣልያን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ግራዚያኒ ከጀርመን ጋር በመተባበሩ በአገሩ ቢፈረድበትም ብዙ ሳይቆይ ተፈታ፤ በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ አፊሌ በምትባል ከተማ የመታሰቢያ ሕንፃ ቆመለት። በ1947 እ.ኤ.አ. በተፈረመው የሰላም ውል ጣልያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍል ተወሰነ።

የጣልያን መንግሥት ጋዝ መጠቀሙን በይፋ ያመነው እንኳ በ1996 እ.ኤ.አ.፣ ከ60 ዓመት በኋላ ነው። ለዚህ ትልቁን ድርሻ ያበረከተው በመዛግብት ላይ ለዓመታት የደከመው ጣልያናዊው ታሪክ ጸሐፊ አንጄሎ ዴል ቦካ ነው። በአገሩ እንደ ከሐዲ እየታየ እውነቱን ስላወጣ ምስጋና ይገባዋል።

ከፍሬው ወደ ሥሩ

ዓለም የሕጉን ጉድለት የተረዳው ሌሎች ሕዝቦች እንደ እኛ ከተቃጠሉ በኋላ ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የሳዳም ሁሴን መንግሥት በኢራን ሠራዊት ላይ፣ መጋቢት 7 ቀን 1980 ዓ.ም. ደግሞ ሐለብጃ በምትባለው የኩርዶች ከተማ ሕዝብ ላይ የኬሚካል መሣሪያ አዘነበ። ይህ ሲመረመር አንድ አስደንጋጭ ነገር ተገለጠ። ኢራቅ መርዙን የሠራችበትን ጥሬ ዕቃ በብዛት የገዛችው ከሌሎች አገሮች ነጋዴዎች ነበር፤ በንግድ ደረሰኝ፣ በመርከብና በጉምሩክ በኩል አልፎ ነው የገባው።

እነዚህ መነሻ ኬሚካሎች ይባላሉ። አንዱን መነሻ ኬሚካል ለብቻው ብናየው አብዛኛውን ጊዜ ክፉ አይደለም። ታዮዳይግላይኮል የተባለው ለእስክሪብቶ ቀለምና ለጨርቃ ጨርቅ ማቅለሚያ ይውላል፤ በክፉ እጅ ግን ለሰናፍጭ ጋዝ መነሻ ይሆናል። ፎስጂን በአንደኛው የዓለም ጦርነት እጅግ ብዙ ሰው የፈጀ መርዝ ነው፤ ዛሬ በፋብሪካ ለፕላስቲክ ሥራ ያገለግላል። በኢፕር ሳንባ ያቃጠለው ክሎሪንም ከለገዳዲና ከገፈርሳ የምንጠጣውን ውኃ ያነጻልናል።

የሠፈራችን ደብር ባለ ቃል ኪዳን የሆነው ቅዱስ ቂርቆስ ገድል ይህን ይገልጥልናል። የሦስት ዓመቱን ሕፃን ከእናቱ ከቅድስት ኢየሉጣ ጋር የጣሉበት የፈላ ጋን ከምን ተሠራ? ብረቱም፣ ውኃውም፣ እሳቱም ለሰው ጥቅም የተሰጡ የእግዚአብሔር ፍጥረቶች ናቸው። ሦስቱን ለሞት ያሰባሰባቸው የመኰንኑ ፈቃድ ነው። እንግዲህ ሕግ ብረትን ወይም ውኃን ከዓለም ማጥፋት አይችልም፤ «ለማን? ለምን? ምን ያህል?» ብሎ መጠየቅ ግን ይችላል።

ይህን የሚጠይቅ ሕግ ጥር 5 ቀን 1985 ዓ.ም. በፓሪስ ለፊርማ የቀረበው የኬሚካል ጦር መሣሪያዎች ስምምነት ነው። በሥራ ላይ የዋለው ሚያዝያ 21 ቀን 1989 ዓ.ም. ሲሆን ኢትዮጵያ አስቀድማ በ1988 ዓ.ም. አጽድቃዋለች፤ ጣልያን ስለ ጋዙ ያመነችውም በዚሁ ዓመት ነው። ስምምነቱ መጠቀምን ብቻ ሳይሆን መሥራትን፣ ማከማቸትንና ማስተላለፍንም ይከለክላል። ኬሚካሎችን በሦስት መዝገብ ይከፍላል። በመጀመሪያው እንደ ሰናፍጭ ጋዝ ያሉ ለሰላማዊ ሥራ እምብዛም የማይፈለጉት፣ በሁለተኛው እንደ ታዮዳይግላይኮል ያሉ በመጠኑ የሚያገለግሉት፣ በሦስተኛው እንደ ፎስጂን ያሉ ኢንዱስትሪ በብዛት የሚጠቀምባቸው ይገኛሉ። አባል መንግሥታት በአገራቸው የሚሠራውን፣ የሚገባውንና የሚወጣውን ያሳውቃሉ። በሄግ የተቋቋመው የኬሚካል ጦር መሣሪያዎች ክልከላ ድርጅትም መርማሪዎችን ወደ ፋብሪካዎች ይልካል። የሁለተኛው መዝገብ ኬሚካሎች የስምምነቱ አባል ላልሆነ አገር አይሸጡም።

ከሁሉ የሚልቀው ግን በስምምነቱ ትርጓሜ ውስጥ ያለው ሐሳብ ነው። በመዝገብ የተጻፈም ይሁን ያልተጻፈ፣ ማንኛውም መርዛማ ኬሚካልና መነሻው ለተከለከለ ዓላማ ከታሰበ መሣሪያ ነው ይላል። ስለዚህ ሕጉ የሚመዝነው ዕቃውን ብቻ አይደለም፤ የሠሪውን ሐሳብ ጭምር ነው።

ይህ ባዶ ቃል አይደለም። በ2005 እ.ኤ.አ. ለሳዳም መንግሥት ከሺህ ቶን በላይ ታዮዳይግላይኮል የሸጠ ሆላንዳዊ ነጋዴ በዚያው በሄግ በጦር ወንጀል ተባባሪነት ተፈርዶበታል። «እኔ ነጋዴ ነኝ፤ የሸጥሁት ኬሚካል ነው» ማለት አላዳነውም። በ1928 ዓ.ም. ምጽዋ ላይ መርዙን ያራገፈውን የጠየቀው ግን አልነበረም። ሰኔ 30 ቀን 2015 ዓ.ም. መንግሥታት ያስመዘገቡት የመጨረሻው ክምችት በአሜሪካ ተደመሰሰ፤ በድምሩ ከ72,000 ቶን በላይ መርዝ ከዓለም ጠፋ። ሆኖም ሥራው አላለቀም። በሶርያ በነሐሴ 2005 ዓ.ም. ሳሪን የተባለው መርዝ ሕፃናትን በተኙበት ፈጅቷል። ከስምምነቱ ውጭ የቀሩ ጥቂት አገሮችም አሉ።

ለእኛ የሚሆን ትምህርት

ጌታችን በተራራው ስብከቱ «አትግደል» የሚለውን ትእዛዝ ሲተረጕም በወንድም ላይ በከንቱ መቆጣትን ለፍርድ የሚያበቃ አድርጎታል (ማቴ. 5፥21-22)። ሕግን ከእጅ ወደ ልብ፣ ከፍሬው ወደ ሥሩ አወረደው። ገዳዩ ሰይፉን እስኪመዝ የሚጠብቅ ሕግ የሚደርሰው ለመቅበር ነውና። የ1917ቱ ሕግ ለተከዜ ሰዎች የደረሰላቸው እንዲሁ ነው። የዛሬው ሕግ ደግሞ ወደ ሥሩ ቀርቧል፤ ግን ሐሳብን የሚመረምር መርማሪ በሄግ ብቻ ሊኖር አይችልም። በየቤተ ሙከራው፣ በየመጋዘኑ፣ በየጉምሩኩ የሚቆም ሰው ኅሊና ያስፈልጋል።

በመካከላችን ኬሚስትሪ፣ ፋርማሲ፣ ምሕንድስና የምትማሩ እኅቶችና ወንድሞች አላችሁ። ነገ በፋብሪካ፣ በአስመጪ ድርጅት ወይም በመንግሥት መሥሪያ ቤት ትቀመጣላችሁ። የምትፈርሙት ወረቀት የአንድ ጭነት ጉዳይ ሊመስላችሁ ይችላል። የሰናፍጭ ጋዝን የቀመሙትም የተማሩ ሰዎች ነበሩ፤ ከፊሎቹ ምናልባት ተከዜ የት እንዳለ አያውቁም ነበር። ዕውቀት ከእግዚአብሔር የተሰጠ መክሊት ነው፤ ለምን እንደዋለም እንጠየቅበታለን።

የኬሚካል ጦርነት ሰለባዎች የሚታሰቡበት ዓለም አቀፍ ዕለት ኖቬምበር 30 ነው። ይህ ቀን በእኛ አቆጣጠር በአብዛኛው ዓመት ኅዳር 21፣ የጽዮን ማርያም በዓል ላይ ይውላል። በዚያ ዕለት በታቦቱ ፊት ስንቆም በተከዜ፣ በአምባ አራዶም፣ በቆረም፣ በአሸንጌና በዘረት የወደቁትን፣ ስማቸው በዝክር መዝገብ ያልተጻፈውን እናስባቸው። እነርሱ «አቤት» ሲሉ ዓለም አልሰማም። እኛ ልጆቻቸው ግን ሰምተናል፤ የሰማ ደግሞ ኃላፊነት አለበት።

ነፍሳቸውን ከደጋግ አባቶቻችን ጋር ያሳርፍልን፤ አገራችንን ከክፉ ሁሉ ይጠብቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር። ወለወላዲቱ ድንግል። ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።